ሰቦቃ የተባለው ሽሮ

አቃቂ በሰቃ፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቶ «አንድ ሰቦቃ» የሚል ሰው ምን እንደሚቀርብለት ያውቃል። ቅቤ ያልነካው፣ ሥጋ አጠገቡ ያልደረሰ፣ እንጀራው ላይ ሲፈስ እስከ ጠርዙ የሚሮጥ ቀጭን ሽሮ ነው። ሌላ ሰፈር ፈሰስ ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ሰቦቃ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር በመጀመሪያው ሳምንት የለመድኩት ቃል እሱ ነበር፤ ደመወዝ እስኪወጣ የሚያቆየን ምግብ ሌላ አልነበረማ።

ስለ ቃሉ አመጣጥ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ አስተማሪ «ሰበቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ ማማሰያው ድስት ውስጥ ሲሰበቅ ታይቶ ነው ብሎ አስረድቶናል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ እንደ ፉርኖና እንደ ሳልሳ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል ነው ብሎ ምሏል። ከኦሮምኛ ነው የሚሉም አሉ። እነሱ እንኳን ብዙ አልራቁም፤ የኦሮሞ ስም ነውና። ግን የምግብ ስም አልነበረም፣ የሰው ስም ነበር። ሰውየውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስሙን ለሽሮ የሰጠችውን ሴት ደግሞ በደንብ አውቃታለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ከቤቷ በልቻለሁ፤ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የነገረችኝም ራሷ ናት።

እትዬ አለሚቱ ነው የምላት፤ ፊት ለፊት ስናወራም አንቱ እያልኩ ነው። ታሪኳን ስጽፍ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ። ነገሩ ሲጀምር የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበረች።

አለሚቱ ፈየራ የገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ከወንዙ ማዶ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። ጀቤሳ የሚባል የጣቢያው ጫኝና አውራጅ አግብቷት ወደ ከተማው አመጣት። ጀቤሳ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የጣቢያውን የጭነት ሥራ በኮንትራት የያዘው አንድ ነጋዴ ነው፤ የነጋዴው ካቦ ደግሞ ሰቦቃ ኦልጅራ። ሰቦቃ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ይቆማል። ዛሬ ማን ሥራ ያገኛል፣ ማን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል የሚለውን በጣቱ ይቆርጣል። ጫኞቹ ይፈሩት እንጂ አይወዱትም። ከጀቤሳ ጋር ግን ተወዳጅቶ ነበር። የጀቤሳና የአለሚቱ ልጅ ፀሐይቱ ስትወለድ ክርስትና ያነሳቻት የሰቦቃ ሚስት ናት። በዚህ አበልጅ ሆኑ። በዓል ሲሆን አብረው ይውሉ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. መጋቢት አምስት፣ የአቦ ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ለንግሥ ሳሪስ አቦ ሄዶ ሳለ ከጣቢያው መጋዘን ስምንት ኬሻ ስኳር ወጣ። ጀቤሳ እግሩን አሞት ከንግሡ ቀድሞ ተመልሶ ነበር። በቀትር በመጋዘኑ በኩል ሲያልፍ የባለጋሪውን የሮሪሳን ጋሪ በሩ ላይ ቆሞ አየ፤ ሰቦቃም ኬሻ ሲያስጭን አየ። እጅ ነስቶ አለፈ። ቤቱ ሲገባም ለሚስቱ፣ አበልጃችን በአቦ ቀን እንኳን ከሥራ አያርፍም፣ ታቦቱን አይፈራም ወይ፣ ብሎ ስቆ አወራት። ከዚያ በላይ አላሰበበትም።

በአምስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ፊት ፊት የሚመራቸው ሰቦቃ ነበር። ጓሮ ገብተው ለላሟ የተከመረውን ጭድ ገለጡና አንድ ኬሻ ስኳር አወጡ። አለሚቱ ኬሻውን አይታው አታውቅም። ጀቤሳም አያውቅም፤ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ፍርድ ቤት ሰቦቃ ቀርቦ መሰከረ። ሲመሰክር ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ይጠርግ ነበር። አበልጄ ነው፣ ከአፌ ማውጣቱ ከብዶኛል፣ እውነት ግን ከአበልጅም ይበልጣል አለ። ዳኛው አዘነለት። ጀቤሳ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። በሁለተኛው ዓመት እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባና ከሞቱት አንዱ እሱ ሆነ። ለአለሚቱ ጋቢውን አጥፈው ሰጧት።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ሰቦቃ ነው። ደረቱን እየመታ ገባ፣ ድንኳኑ መሃል ተቀመጠ፣ ምግብ ሲቀርብም በላ። በሠልስቱ ዕለት ባለጋሪው ሮሪሳ አለሚቱን ከቤቱ ኋላ ጠራት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሰባቱን ኬሻ ሰቦቃ ወዳዘዘው ሱቅ ማድረሱን፣ ስምንተኛውን ደግሞ በማግስቱ፣ ጀቤሳ ሥራ ላይ፣ እሷ ገበያ ሳለች፣ ራሱ ሰቦቃ እያሳየው ከጭዱ ሥር ማስገባቱን ነገራት። መሞቱን ባልሰማ ኖሮ ከሆዴ አይወጣም ነበር አላት።

አለሚቱ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ለእንግዶች እጅ የምታስታጥበው ሴት ለአፍታ ወጥታ ነበርና ማስታጠቢያውን ራሷ አነሳች። ሰቦቃ ዘንድ ስትደርስ ውኃውን ቀስ እያደረገች አፈሰሰችለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው ብላኛለች፤ ወፍራም፣ ጥፍራቸው የተከረከመ፣ ንጹሕ ጣቶች። በደንብ ታጠቡ አለችው። እሱም መረቃት።

መጀመሪያ በሕግ ሞከረች። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የሰማችውን ተናገረች፤ ምስክር አምጪ አሏት። ሮሪሳ ሲጠራ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አልወጣም አለ። አልፈረደችበትም፤ አምስት ልጅ አለው፣ ጋሪው የሚሠራው ደግሞ ካቦው ጭነት ሲሰጠው ነው። ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደች፤ ለእግዜር ተይው አሏት። ይህን ስትነግረኝ ፈገግ ብላ፣ «እግዜርማ ስንት ሥራ አለበት» አለችኝ።

ላሟን ሸጣ ከጣቢያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራየችና ምግብ መሸጥ ጀመረች። ሁለት አግዳሚ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጓሮ ሁለት ምድጃ። ጫኞቹ ጀቤሳን ይወዱት ስለነበር ሌላ ቤት አልሄዱም። ባቡሩ ቆሞ ፉርጎ እስኪቀጥል ተሳፋሪውም ወርዶ ይበላል። ሰቦቃም መጣ። የአበልጄ ቤት ነው እያለ በየዓርቡ ከበሩ ትይዩ ያለውን ቦታ ይይዛል፤ እሷም አንቱ እያለች ታስተናግደዋለች። የአይጥ መርዝ ገዝታ ከጨው ጣሳው ኋላ አስቀምጣ ነበር። ስምንት ወር እዚያው ተቀምጧል። አንድ ዓርብ ወረቀቱን ፈትታ ወጡ ፊት ቆመች፤ ከዚያ መልሳ ቋጠረችውና ሽንት ቤት ጨመረችው። ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

«ከሞተ ያለቅሱለታል» አለችኝ። «ድንኳን ይጣልለታል፣ ጥሩ ሰው ነበር ይባላል። እኔ እንዲኖር ነው የፈለግሁት። ኖሮ ስሙን እንዲጠላው።»

ይሁን እንጂ እንዴት እንደምታደርገው አታውቅም ነበር። ያወቀችው በ1959 በዐቢይ ጾም፣ ሳታስበው ነው። በዚያ ቀን ሁለት የጭነት ባቡር ተከታትሎ ገብቶ ጫኙ ሁሉ አንድ ጊዜ መጣባት። የቀቀለችው ሽሮ አላዳርስ ሲል ውኃ ጨመረችበት፤ ደግሞም ጨመረችበት። ሳህኑ የቀረበለት አንድ ጫኝ እንጀራውን ነክሮ ሲያነሳው ጣቱ ላይ ወረደበትና፣ እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ አላት።

አለሚቱ በመስኮቱ አሻግራ መጋዘኑ በር ላይ የቆመውን ባለፊሽካ አየች።

«እሱማ ሰቦቃ ነው» አለች። «ከላይ ሲያዩት ወጥ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም።»

የሚበሉት ሁሉ ቀና አሉ። ካቦውን በስሙ ብቻ የጠራ ሰው ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ከጥጉ አንዱ ሳቀ፣ ሳቁም ጠረጴዛውን ዞረ። በማግስቱ ያው ጫኝ ገብቶ ሳይቀመጥ «ሰቦቃ አለ?» አለ። አለ አለችው።

ከዚህ በኋላ ያለው በሐሳብ የተሠራ ነው፤ እሷም አትደብቀውም። ሁለት ዓይነት ሽሮ መሥራት ጀመረች፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ሰቦቃ። ሰቦቃውን የወፍራሙን እኩሌታ አስከፈለች፤ ድሃ የሆነ ሁሉ እሱን እንዲያዝ ብላ። ስሙም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራ አስቡት። «ሰቦቃ ጨምሪ።» «ሰቦቃው ቀዝቅዟል።» «የትናንቱ ሰቦቃ ሆዴን ነፋኝ።» ጫኞቹ የሚፈሩትን ካቦ ለመስደብ ምሳ መብላት ብቻ በቃቸው። ቃሉ አሳባቂ ከሚለው ጋር መግጠሙ ደግሞ ተጨመረበት፤ ጎረቤት ያሉት ምግብ ቤቶችም ርካሹን ሽሮ በዚሁ ስም መሸጥ ጀመሩ። የባቡሩ ሠራተኞች አቃቂ በልተው ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ናዝሬት ሲደርሱ እዚያም ሰቦቃ ስጡን ይላሉ። አስተናጋጆቹ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ እነሱም ያስረዳሉ።

ሰቦቃ እስኪሰማ ጥቂት ወራት ፈጀ። የሰማው ዓርብ ዕለት እንደ ወትሮው ከበሩ ትይዩ ተቀምጦ ሳለ ነው። እሱን የማያውቅ አንድ ተሳፋሪ ከኋላው «ለእኔ ሰቦቃ፣ በደንብ የቀጠነ» ብሎ ጮኸ። ሰቦቃ ዞር አለ። የሚበሉት ሁሉ ሳህናቸውን ያያሉ። ተነሥቶ ወደ ጓዳው በር ሄደ።

«አበልጄ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «በስሜ ሽሮ ትሸጫለሽ? ምን አጠፋሁ?»

«ስኳሩን ያስታውሱታል?» አለችው።

«የቱን ስኳር?»

«ስምንቱን ኬሻ። አንዱን ከእኔ ጭድ ሥር ያስገቡትን።»

«ማን ነገረሽ?» አለ።

ያቺን ንግግር ጫኞቹ ሁሉ ሰምተዋታል። ንጹሕ ሰው ውሸት ነው ይላል። እሱ ማን ነገረሽ አለ። አለሚቱ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«እስከ ዛሬ አንቱ ያልኩህ ለክርስትናው ክብር ነበር» አለችው። «ከእንግዲህ አንተ ነህ። ከቤቴ ውጣ።»

ከሰሳት። አጥቢያ ዳኛው ፊት ቀርቦ ስሜን አጠፋችብኝ አለ። ዳኛው ምን አለችህ ብለው ጠየቁት። ለሽሮ ስሜን ሰጠች አለ። ሽሮ ምን ነውር አለው አሉት። ቀጭን ነው አለ። ታዲያ ቢቀጥን አሉት። በዚህ ጊዜ ሰቦቃ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከላይ ወጥ ይመስላል፣ ውስጡ ምንም የለም እያለች ነው ብሎ ራሱ አስረዳ። ችሎቱ በሳቅ ወደቀ፤ ሥነ ሥርዓት የሚያስከብረው ፖሊስ ሳይቀር ፊቱን አዞረ። ዳኛው ስም ለወጥ መስጠት የሚከለክል ሕግ እንደማያውቁ ተናገሩ፣ ለሰላም ሲባል ግን ከዛሬ ጀምሮ በቤቷ እንዳትለው መከሯት። እሺ ጌታዬ ብላ እጅ ነሣች። በማግስቱ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ለምና በካርቶን ላይ አስጻፈችና በሯ ላይ ሰቀለችው፤ «በዳኛ ትእዛዝ እዚህ ቤት ሰቦቃ ማለት ክልክል ነው» ይላል። ባቡር የጠበቀ መንገደኛ ሁሉ አንብቦ ለምን ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚነግረው ጫኝ ደግሞ አይጠፋም።

ካቦነቱ ከዚያ ዓመት አላለፈም። ፊሽካውን ሲነፋ ከሰልፉ መሃል አንዱ «ሰቦቃ ፈላ» ይላል፤ ማን እንዳለው አይታወቅም። ሠራተኛው የማይሰማው ካቦ ለነጋዴው አይጠቅምምና በሌላ ሰው ተካው። ሰቦቃ ማንም ወደማያውቀው አገር ሄዶ ሥራ ሊፈልግ ባቡር ተሳፈረ። ሞጆ ወረደ። በቀትር አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ አስተናጋጇ ልጅ ያለውን ቆጠረችለት፤ ጥብስ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሰቦቃ። በሚቀጥለው ባቡር ተመለሰ። ይህን ለሰው ያወራው ራሱ ነው፣ አንድ ቀን ጠጥቶ። አለሚቱን፣ ወሬው ሲደርስዎ ምን ተሰማዎ ብዬ ጠየቅኋት። «እንቅልፍ ወሰደኝ» አለችኝ። «ጀቤሳ ከታሰረ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።»

ቂሟን እንደ ልጅ ነው ያሳደገችው። ግን ቂም አጥሩን አያውቅም። ሰቦቃ አደሴ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። አስተማሪው ስም ሲጠራ «አደሴ ሰቦቃ» ሲል ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። በ1964 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወደ አለሚቱ ቤት መጣች። ሳትቀመጥ፣ ትምህርቱን ልትተው መሆኑን ነገረቻት።

«እትዬ» አለቻት፤ «እኔ ምን አደረግኩዎ?»

«ምንም» አለች አለሚቱ። «የእኔዋ ፀሐይቱም ምንም አላደረገችም። የሌባው ልጅ እየተባለች ነው ያደገችው።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። አባቷ ምን ቢያደርግ እንደሚበቃት ጠየቀቻት። አለሚቱ ያን ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ እስኪመጣ ስትጠብቅ እንደኖረች ገባት። አባትሽ ፊሽካ ይነፋበት በነበረው ቦታ፣ ጠዋት ጫኙ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ቆሞ እውነቱን ይናገር፤ እሱ ከተናገረ እኔ ቃሉን ከቤቴ አወጣለሁ አለቻት።

ሦስት ሳምንት ወሰደ። ልጅቷ ለመነችው፣ ሚስቱም ለመነችው፣ በመጨረሻ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። አለሚቱ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ከመጋዘኑ በር አጠገብ ቆመች። ባለጋሪው ሮሪሳም ነበር። ሰቦቃ በዚያ ጊዜ ከስቶ ነበር፤ ኮቱ ሰፍቶታል።

«ስኳሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጀቤሳ እጁ የለበትም። አይቶኝ ነበር፤ ሳይናገር ልቅደመው ብዬ ነው።»

ሮሪሳ እውነት ነው፣ ጋሪው የእኔ ነበር አለ። ከጫኞቹ ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ አለሚቱን ይቅር በይው፣ እጁን ያዥው አሏት። ሰምቻለሁ አለቻቸውና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ሽማግሌዎቹ ከደጁ ድረስ ተከትለዋት ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቂሙንም እንድትተው ነገሯት። እሷ ግን መጀመሪያ የጀቤሳ ስም ከሌባ መዝገብ ይፋቅ አለች። እውነታቸውን ነው፣ ደከሙ፤ ሰቦቃን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ሰውየውም ሞቷል፣ ምን ልታደርጉ ነው ተባሉ። ተመልሰው ሲነግሯት፣ «ሕጉ የባሌን ስም ካልመለሰለት፣ እኔም የእሱን ስም አልመልስለትም» አለቻቸው።

ለልጅቷ የገባችውን ቃል ግን ጠበቀች። ካርቶኑን አወረደች፣ ቀጭኑን ሽሮ ፈሰስ አለችው። ደንበኞቹ ሳቁ፣ ሰቦቃ ማለታቸውን አልተዉም። ጎረቤት ምግብ ቤቶች ሄዳ ስሙን እንዲተዉት ነገረቻቸው። «ሁለት ቤት ሄድኩ» አለችኝ፤ «ሁለቱም ቀልድ መሰላቸው። ሦስተኛው ቤት አልሄድኩም። መሄድ እችል ነበር።» ይህን ስትናገር ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም።

እኔ ፋብሪካ ስገባ ሰቦቃ ሽማግሌ ነበር። ከዘራውን ይዞ በሐዲዱ ዳር ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ በምግብ ቤቶቹ ፊት ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄዳል። የሚያልፉት አዳዲስ ሠራተኞች ማንነቱን አያውቁም፤ ቃሉ የሰው ስም መሆኑንም አያውቁም። በ1972 ሞተ። አለሚቱ ቀብሩ ላይም፣ ድንኳኑ ውስጥም አልታየችም፤ ምግብ ቤቷን እንደ ወትሮው ከፍታ ዋለች። ፀሐይቱ ግን የሰቦቃ ሚስት የክርስትና እናቷ ናትና ሄደች፣ ሦስት ቀን እዚያው ስትላላክ ሰነበተች። እናቷ አልከለከለቻትም፤ ስትመለስም እነማን መጡ ብላ አልጠየቀቻትም።

በዚያው ዓመት አደሴ ፍርድ ቤት ሄዳ ስሟን አስለወጠች። የአባቷን ስም አስወጥታ የአያቷን አስገባች፤ አደሴ ኦልጅራ ሆነች። አሁን ከተማ መሥሪያ ቤት ትሠራለች አሉ። ወሬውን ለእትዬ አለሚቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ኦልጅራን አውቃቸዋለሁ» አለች። «ከአባቴ ጋር ወንፈል ያርሱ ነበር። ጨዋ ሰው ነበሩ።»

ከዚያ ቀና ብላ፣ ሰው መጥቷል፣ እስቲ አግዳሚውን ጥረግልኝ አለችኝ።